ጠግበዋል፤ መልካም መንገድ

«የታችኛው መንገድ ቅሬ አባላት በሙሉ! የታችኛው መንገድ ቅሬ አባላት በሙሉ! የቅሬያችን ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ያፌት ሽመልስ፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ከግቢያቸው በር አጠገብ፣ የመኪና ቻርጀር ያቆሙ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን! ነዋሪው ከቀትር በኋላ በቦታው ተገኝቶ እንኳን ቆመላችሁ እንዲል ይሁን!»

የቅሬው፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ለፋፊ አንዋር ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው ሲሞትም፣ ሰርግ ሲደገስም፣ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳም በዚያው ድምፅ ነው የሚያስታውቀው። ስለዚህ የአቶ ያፌት ስም በማይክ ሲጠራ ከላይኛው ጥግ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባቸውን አዘጋጅተው ወጡ። ነገሩ ቻርጀር መሆኑን ሲሰሙ ነጠላቸውን መለሱና፣ እንባውን ለሌላ ቀን አስቀምጠው ዳቦ ሊገዙ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ሰዉ ተሰበሰበ። ቻርጀሩ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆሟል። ነጭ ነው፤ ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፤ አናቱ ላይ አረንጓዴ መብራት አለው። ሼኩም ቄሱም መጥተዋል። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ግን ያው አንድ ነገር ነው።

«መብራቱ አይጥፋ!»

«አሚን!» «አሜን!» አለ ሰዉ እንደየእምነቱ።

አቶ ያፌት ከሁሉም ጮክ ብለው አሜን አሉ። ጮክ ያሉት ስላፈሩ ነው።

ቻርጀሩ ባዶ ነበር።

ያቆመላቸው ዳጊም የሚባል ጎልማሳ ነው። ጠዋት ሲመጣ ቻርጀሩን እንደ ባዶ ጀሪካን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ከመኪናው ሊያወርድ ካለ በኋላ፣ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየና ተወው።

«ጋሼ፣ በዚያኛው ጫፍ ይያዙልኝ።»

«ምን ይከብዳል ብለህ ነው?»

«አይከብድም። እውነተኛው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሰው ያያል። ትንሽ ያቃስቱ።»

የሰባ ዓመቱ የጂኦግራፊ መምህር፣ አሁን ጡረተኛ፣ የላባ ያህል የሚከብድ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘው እያቃሰቱ ከመኪናው እስከ አጥሩ ሄዱ። ዳጊም መሐል ላይ «ይረፉ፣ ይረፉ» እያለ አሳረፋቸው። አንድ አላፊ አግዳሚ «አይዟችሁ» ብሏቸው አለፈ።

«ቀፎ ነው የምንለው እኛ» አለ ዳጊም ብሎኑን እያጠበቀ። «ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ይበራል። ከመስመር ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ከፊቱ መኪና ሲያልፍ ደግሞ ራሱ ይናገራል።»

«ምን ይላል?»

ዳጊም የራሱን መኪና ትንሽ አስጠጋ። ከቻርጀሩ ውስጥ የአንዲት ጨዋ ሴት ድምፅ ወጣ። «ጠግበዋል። መልካም መንገድ።»

አቶ ያፌት ይህን ድምፅ ያውቁታል። በሊቀ መንበሩ በአቶ ናትናኤል በር ሲያልፉ ስንት ጊዜ ሰምተውታል። ጥሩ ነው፤ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም አይለየውም።

«ለጊዜው ነው እኮ» አሉ። «መስመሩ እስኪገባልኝ።»

«ሁሉም ለጊዜው ነው ጋሼ።»

«ሁሉም ስትል?»

ዳጊም ብሎን መፍቻውን ኪሱ ከተተ። «ማለቴ... በዚህ መንገድ ላይ ቀፎ ያስተከለ አንድ ሰው ብቻ አለ። እርስዎ ሁለተኛ ነዎት። ስሙን ግን አልነግርዎትም፤ የእርስዎንም ለእሱ አልነግርም። ሥራዬ ምስጢር ነው።»

መስመር አለመጠየቃቸው አይደለም። ጠይቀዋል። በየዓመቱ የሚመጣው መልስ ግን ትራንስፎርመሩ ሞልቷል የሚል ነው። የቤት ሶኬት ላይ እንዳይሰኩ ደግሞ ቆጣሪው መኪና መሆኑን ያውቅና ራሱን ይቆልፋል። ታዲያ የመንገድ ዳር ቤት ይዘው፣ የቅሬ ምክትል ሆነው፣ በራቸው ጨለማ ሊሆን ነው? መብራት የሌለው ቤት በታችኛው መንገድ አይሰደብም፤ ማንም ክፉ አይናገረውም። በበሩ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በቃ። ልክ በለቅሶ ቤት በር እንደሚያልፍ ሰው። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ እንኳ ከማንኳኳቱ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው መብራቱን ነው። ሰላምታውም ተለውጧል።

«እንዴት አደራችሁ፣ ጠገበች?»

«ጠግባለች፣ ተመስገን። የእናንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ከማታ ጀምራ ጠግባለች።»

አቶ ያፌት ይህን የሚመልሱት ፈጠን ብለው ነው። መልሰውም ወሬ ይለውጣሉ።

መኪናዋን የሚያበሏት ቁልቁል በኮምቦልቻ መንገድ ካለው የሕዝብ ማደያ ነው። ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ለጎረቤት «ጸሎት» ይላሉ። ደግነቱ የታችኛው መንገድ ሰው በጠዋት መነሳት ይወዳል። አቶ ናትናኤል ስፖርት ይሠራሉ፣ የጥጉ ሰውዬ እርሻ አለኝ ይላል፣ ሁሉም በየመኪናው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ትጉህ ሠፈር ነው። አንድ ቀን ማደያው ሰልፍ ላይ አቶ ናትናኤልን የሚመስል ሰው አዩና ከመሪው ሥር ተደፉ። ለረጅም ጊዜ ተደፍተው ቆይተው ቀና ሲሉ ያ ሰውም አይታይም፤ መኪናው ግን እዚያው ቆሟል። ተመሳሳይ መኪና ብዙ ነው ብለው ተጽናኑ።

አንድ ነገር ግን አሳሰባቸው። ዳጊም «አንድ ሰው» ብሏል። ያ ሰው ማነው? ይህን ያሰላስሉ ጀመር፤ አስበው አስበውም አገኙት። የእትዬ ሶሊያና መብራት ይንቀጠቀጣል። ልብስ ማጠቢያቸውን ባስነሱ ቁጥር መብራቱ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ይበራል። መኪና ቢያልፍም አይናገርም። ብቻቸውን የሚኖሩ የጥልፍ ባለሙያ ናቸው፤ ቤታቸው ከመንገዱ መሐል ላይ ነው።

አቶ ያፌት ክፉ ሰው አይደሉም። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአቶ ናትናኤል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሶሊያና ነገር... እኔ እንጃ፣ ቀፎ ይመስለኛል» አሉ። አቶ ናትናኤል ፊታቸው በራ፤ «እኔም እሱን እጠረጥር ነበር!» አሉና እጃቸውን ጨበጧቸው። ሁለቱም ያን ቀን ቀለል ብሏቸው ዋሉ። ከሳምንታት በኋላ እትዬ ሶሊያና በቅሬው ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። ማንም እዚያ ተቀመጪ አላላቸውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሕዝብ ማደያው ለጥገና ተዘጋ። በዚያ ሳምንት የታችኛው መንገድ ነዋሪ በሙሉ ድንገት ጤናው አሳሰበው። ሁሉም በእግሩ መሄድ ጀመረ።

«መኪና ሰውን ገደለው እኮ» አሉ አቶ ናትናኤል፣ ሽቅብ እያለከለኩ።

«ሰውነት ያሰንፋል» አሉ አቶ ያፌት፣ አብረው እያለከለኩ።

ከየአጥሩ ውጭ መብራቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። ሁሉም ጠግቧል።

በዚያው ሳምንት አንድ አመሻሽ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን መሙላት ሲጀምር፣ የአቶ ያፌት በር ተንኳኳ። ኢክራም ነች፤ የአቶ ኢሊያስ ልጅ። አቶ ኢሊያስ ከመንገዱ ጀርባ ካለው ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከአቶ ያፌት ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ለእጥበት የሚሄዱት ከጋራው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ነው። በራቸው ላይ ቻርጀር የለም፤ አለ ብለውም አያውቁም።

«ጋሼ ያፌት፣ እንደምን አመሹ። አባቢ መኪና ውስጥ ነው» አለች ኢክራም። «ዛሬ የማታ ተራው ነው። መኪናዋ ሜዳና ቁልቁለት ትችላለች፤ ዳገቱን ግን እምቢ አለች። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ከመሐል ትመልሰኛለች። ማደያው ደግሞ እንደሚያውቁት ነው። ትንሽ ብቻ ትቅመስልኝ። ዳገቱን የሚያስወጣት ያህል።»

አቶ ያፌት ከትከሻዋ በላይ አዩ። መኪናዋ መንገዱ መሐል ቆማለች። ከውስጥ አቶ ኢሊያስ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ፊታቸው አብጦ፣ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሏቸው።

«ባይደርስስ?» አሉ አቶ ያፌት።

«ተራው ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚያገኘው። ባለፈው ያመለጠው ጊዜ እንዴት እንደሆነ አይተዋል።»

አይተዋል። ከአቶ ኢሊያስ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ሌሊቱን ሲያቃስቱ ሰምተዋቸዋል።

«የኔ ልጅ፣» አሉ፣ «ይሄ የኛ ማሽን አዲስ ዓይነት ነው። የራሱን ቤት መኪና እንጂ ሌላ አይቀበልም። ቆልፈውት ነው የሚሸጡት።»

«አይከፈትም?»

«አይከፈትም።» ቀጥሎ ያሉትን ለምን እንዳሉት እሳቸውም አያውቁም። «ወደ ናትናኤል ሂጂ። ሶሊያናን ግን ባትጠይቂ ይሻላል፤ የሷ ቀፎ ነው፣ ታፍራለች። ሰው አታሳፍሪ።»

«እሺ ጋሼ። አብሽር፣ ችግር የለም» አለች ኢክራም። ያጽናናችው እሷ ነች።

አቶ ያፌት በሩን ዘጉና በሽንቁሩ ማየት ጀመሩ። ኢክራም አቶ ናትናኤል ቤት አንኳኳች። አቶ ናትናኤል ወጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ማሽናቸው ጠቆሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቀጣዩ በር። ራስ ተነቀነቀ፣ እጅ ደረት ላይ። ቀጣዩ በር። አቶ ያፌት እያንዳንዱ በር ሲዘጋ የሆነ እፎይታ ተሰማቸው። ብቻዬን አይደለሁም፤ እውነተኛ ቻርጀር ያላቸውም አልሰጧትም። ከዚያ እፎይታው ራሱ ታወቃቸውና ፊታቸው በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ጋለ። ኢክራም በእትዬ ሶሊያና በር ስትደርስ ፍጥነቷን ጨመረችና፣ ቀና ብላ ሳታይ አለፈች።

«ማን ነው የመጣው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቅድስት ከጓዳ ወጥተው።

«የኢሊያስ ልጅ። መኪናዋ ዳገት እምቢ ብላ።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

አቶ ያፌት ወደ ሽንቁሩ ተመለሱ።

«ያፌት፣ ምን አልካት?»

«ምን ልበላት! ባዶ ነው ልበላት? ምርቃቱን ሁሉ... ሼኩም ቄሱም...»

ወይዘሮ ቅድስት ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ቁጭ አሉ። «ያቺን የቤንዚን መኪናህን ታስታውሳለህ? ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት እያልክ የምትኮራባትን። እኔ ምጥ ይዞኝ ዳገቱ ላይ ቀጥ ያለችብህን?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ማን ነበር በዚያ ዝናብ የገፋን?»

አቶ ያፌት ተነሱ። ከሳጥን ረጅሙን ኤክስቴንሽን አወጡ። ከቆጣሪው በፊት ካለው ገመድ ላይ በቀጥታ መሳብ እንደሚቻል ሰው ሲያወራ ሰምተዋል፤ ክልክልም አደገኛም መሆኑን እንዲሁ። ቢሆንም አያያዙት። ገመዱን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለኩና ቀስ ብለው በቀፎው ጀርባ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ጫፉ በፊቱ በኩል፣ እውነተኛው ሶኬት በሚሆንበት ቦታ ወጣ። ለሚያይ ሰው ልክ ከቻርጀሩ የመጣ ይመስላል። አሁን እንኳ፣ ልብ በሉ፣ ሰውየው መዋሸቱን አላቆመም። መርዳት ፈለገ፤ እንዳይታወቅበትም ፈለገ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ሊያደርግ ነው።

«ኢክራም! ነይ ልጄ፣ ማሽኑ እሺ አለ!»

ኢክራም መኪናዋን አስጠጋች። ቀፎው «ጠግበዋል። መልካም መንገድ» አለ።

«ገና አልበላችም እኮ» አሉ አቶ ኢሊያስ ከውስጥ ደከም ባለ ድምፅ፣ ፈገግ ብለው። «ያፌት፣ ይሄ ማሽንህ ልክ እንደ አንተ ነው። ሰው ሳይቀመጥ ብላ ይላል።»

አቶ ያፌት ሳቁ። ሳቃቸው ደረቅ ነበር። ኢክራም ሰካች። መኪናዋ እንደተጠማ ሰው መሳብ ጀመረች፤ ከሆዷ የጉርጉርታ ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣» አለች ኢክራም መብራቱን እያየች፣ «ስትበላ ቢጫ መሆን አልነበረበትም?»

«እሱ የድሮው ነው» አሉ አቶ ያፌት። «አዲሱ...»

ከመንገዱ ጫፍ፣ ከምሰሶው ላይ፣ አንድ ነገር ጧ! አለ። ትራንስፎርመሩ ነው። ብልጭታው ጉሙን ለአንድ አፍታ ሰማያዊ አደረገውና ጠፋ። ከዚያ የታችኛው መንገድ በሙሉ ጨለመ። መስኮቱ፣ የበረንዳው መብራት፣ የመስጊዱ ማማ፣ የሱቁ ማስታወቂያ፣ ሁሉም።

መብራት ሲጠፋ የደሴ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ የጎረቤቱም ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ይወጣል። በሮች ተከፈቱ። «የናንተም ጠፋ?» «እኛስ ብቻችንን መስሎን!» አቶ ናትናኤል በነጠላ ጫማ ወጡ። ለፋፊው አንዋር ማይኩን ይዞ ወጣ፤ ለማስታወቅ ዝግጁ ነው። የጥጉ ሰውዬም መጣ። ከዚያ ወሬው በአንድ ጊዜ ቆመ።

ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በየበሩ፣ በጉሙ ውስጥ፣ አረንጓዴ መብራቶቹ እየበሩ ነበር። የአቶ ናትናኤል በርቷል። የጥጉ ሰውዬ መብራት በርቷል። የአቶ ያፌት ከሁሉም ደምቆ በርቷል። አንድም መብራት ከመስመሩ ጋር የጠፋ አይመስልም። ምርቃቱ ሠርቷል።

ሰዉ የራሱን መብራት አየ፣ የጎረቤቱን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። አቶ ያፌት በእጃቸው የያዙትን ኤክስቴንሽን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ ገመዱ ግን ረጅም ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ኢሊያስ ናቸው። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው መንገዱን በሙሉ አዩ። የሒሳብ መምህር ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሁሉም ጠግቧል።»

ያኔ ከመሐል አንድ በር ተከፈተ። እትዬ ሶሊያና ባትሪ ይዘው ወጡ። ከበራቸው አጠገብ ያለው ቻርጀር ድርግም ብሎ ጠፍቷል፤ በመንገዱ ላይ ጨለማ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ባትሪውን አበሩበት፤ የሌሎቹን አረንጓዴ አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅርታ» አሉ ለተሰበሰበው ሰው። «የእኔ ጠፋብኝ። ምን እንደነካው አላውቅም... እስከ አሁን ይሠራ ነበር። ኢክራም፣ ምነው ቀደም ብለሽ አልመጣሽም ልጄ? እንደ ልብሽ ትበላ ነበር። አሁን ምን ላድርግሽ?»

ኢክራም አቶ ያፌትን አየች። አልተቆጣችም። እንዲያው አየቻቸው።

አቶ ያፌት ገመዱን ነቅለው መሬት ላይ ጣሉት። ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩና ሁለት እጃቸውን አሳረፉ። በዚያ መንገድ ላይ መኪና የገፋ ሰው ከታየ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልጆቹ ሰውየው ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባቸውም። ሽማግሌው ገፉ፤ መኪናዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፣ ቆመች። ከጎናቸው የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰሙ። አቶ ናትናኤል ናቸው። ትከሻቸውን አስጠጉ። ከዚያ የጥጉ ሰውዬ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዋር ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው፤ አጥር ላይ አንጠልጥሎ እሱም እጁን አሳረፈ።

«ሆስፒታሉ የራሱ መብራት አለው፣ ዳገቱን ብቻ ነው» አለች ኢክራም ከመሪው። «ከአናቱ በኋላ ራሷ ትሄዳለች።»

ገፉ። በዚህ ጊዜ ያቃሰቱት ከእውነት ነበር። መኪናዋ ሽቅብ ማለት ጀመረች። በመጀመሪያው በር ስታልፍ፣ ቀፎው መኪና መሆኑን አወቀና፣ በዚያች በጨዋ ሴት ድምፅ ተናገረ።

«ጠግበዋል። መልካም መንገድ።»

ማንም ቀና አላለም። ሁለተኛው በር።

«ጠግበዋል። መልካም መንገድ።»

በየበሩ እንዲሁ፣ አንዱም ሳይቀር፣ በአንድ ድምፅ፣ ባለቤቶቹ እየገፉ ሲያልፉ። በእትዬ ሶሊያና በር ሲደርሱ ብቻ ዝም አለ፤ የሰዉ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። እትዬ ሶሊያና ባትሪያቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱና መጥተው በአቶ ያፌት ጎን ቦታ ያዙ።